ሊሙ ቅርብ ነው

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ሌላ ጊዜም ይደክመኛል፤ አማርኛ እያስተማረ ጅማ ላይ ያረጀ ሰው ደከመኝ ቢል አይፈረድበትም። የዚያ ሰሞኑ ግን ከሌላው ጊዜ የባሰ ነበር። ጠዋት ቦሳ ኪቶ ካለው ቤቴ ተነስቼ ትምህርት ቤቱ በር እስክደርስ ጉልበቴ «በቃኝ» ይለኛል፤ ደርሼ ጠመኔ ሳነሳ ደግሞ ትከሻዬ ይቀበለዋል። መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ ስለ ዝውውር ሲያወሩ እሰማለሁ እንጂ አልገባበትም። ዝውውርም እኮ አቅም ይጠይቃል።

በዚህ መሃል ነው ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶ ለግጥም ሥልጠና ይሂዱ ያለኝ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ እምቢ ማለት ከበደኝ። ለምን እኔ ስለው፣ «እርስዎ ግጥም ይወዳሉ» አለኝ። ግጥም መውደዴን ማን እንደነገረው እንጃ። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ስፖክን ወርድ ማለት የሚነገር ግጥም ነው አለን። አበስኩ ገበርኩ! ግጥም መቼ ሳይነገር ኖሮ ያውቃል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ግጥም ወይ ሠርግ ላይ ሲያስጨፍር፣ ወይ ልቅሶ ላይ ሲያስለቅስ፣ ወይ በመውሊድ በድቤ ሲወጣ ነው። የሞተውስ እኛ ለፈተና ማስጠናት የጀመርን ቀን ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ስላም የሚባለው ደግሞ የግጥሙ ውድድር መሆኑን አስረዳን። ተማሪው የራሱን ግጥም በራሱ ድምፅ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይላል፤ ዳኞች ከታዳሚው መሃል ይመረጡና ቁጥር ያነሳሉ። ሰዓት ያሳለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ታዳሚው ሲወድ አያጨበጭብም፤ ጣቱን ያስጮሃል። ጣት ማስጮህ እኛ ዘንድ ለአስተናጋጅ እንኳን ነውር ነው። ይሁን ብዬ መጣሁ።

ተመልሼ «የስላም ግጥም ውድድር» ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ጦሱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የበሩ ጥበቃ «የሰላም ግጥም» ብሎ አነበበው፤ ርዕሰ መምህሩም አነበበና የሰላምና ጸጥታ ሰዎችን እንጥራ ወይ አለኝ። ኧረ ሳድስ ነው፣ «ስ» ነው፣ የፈረንጅ ቃል ነው ብዬ ሳስረዳ ዋልኩ። ማስረዳቴ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። የኛ ምላስ በሳድስ የሚጀምር ቃል ላይ «እ» ካልጨመረ አይንቀሳቀስም፤ ስፖርትን እስፖርት የምንል ሰዎች ነን። ተማሪዎቹ «ስ» መሆኑን ከኔ ሰምተው ወጡ፤ ሳምንት ሳይሞላ በየቤቱ «የእስላም ግጥም» ሆኖ ተወራ።

ወይ ጉድ! አንዲት የክርስቲያን ልጅ እናት ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ፣ በትሕትና፣ ልጇ ግጥም ቢወድም የሌላ ሃይማኖት ነገር ውስጥ ባይገባ ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። እሷን አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላ አባት በመንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ ማሻ አላህ፣ ልጆቹን መንዙማ ልታስተምሪልን ነው አሉ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ከነስሕተቱ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ። በዚህ ከተማ እስላምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው፤ የሃይማኖት ስም ያለበትን ነገር ግን ሁሉም እንደ ትኩስ ድስት በጨርቅ ነው የሚይዘው። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ ሳስረዳ ድምፄ ዘጋ።

ከተመዘገቡት መሃል አንዲት የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነበረች። አባቷ ከገበያው ጀርባ በርጩማ የሚጠርቡ፣ በሙያቸው የታወቁ አዛውንት ናቸው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሒጃቧን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿ የማይሰማ ዓይነት ነበረች። መድረክ ላይ ለመቆም መመዝገቧ ገረመኝ። ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ግን አባቷ መፍቀዳቸው ነው። እንዴት ፈቀዱልሽ ስላት መሬት መሬት አየችና፣ «አባ የእስላም ግጥም መስሎት ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። አንቺስ አልነገርሻቸውም ወይ ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። ልክ ነች፤ እኔ ከተማውን ሙሉ ማስረዳት ያቃተኝን እሷ ምን አድርጊ ልበላት።

የተመዘገቡት ልጆች ክበብ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ይገናኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነፍሴን አወጧት። ወንዶቹ ከስልክ ላይ ያዩትን የአዲስ አበባ ልጆች ቄንጥ ቀድተው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ «ሀገሬ ሆይ» ይላሉ። ሴቶቹ «ትምህርት ብርሃን ነው» ይላሉ። ብርሃን መሆኑን ማን ካደ? ግን ከአንዱም ቃል ውስጥ አንድ ሰው አይወጣም። በዚያ ላይ የአዳራሻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የጅማ ዝናብ ሲወርድበት እንኳን ግጥም የራስን ሐሳብ መስማት ያስቸግራል። ዝናቡ እስኪያባራ ተፋጠን እንቀመጣለን። አንዳንዴ ባያባራ ብዬ እመኝ ነበር፤ እዋሻለሁ እንዴ።

አንድ ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀ። ወረቀታችሁን አስቀምጡ አልኳቸው። ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚባል፣ ሁሉም ሰው እውነት እንዳልሆነ የሚያውቀው አንድ ነገር ንገሩኝ አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ፣ አባቴ ገና ካልጋው ሳይነሳ በስልክ «ደርሻለሁ» ይላል አለ። አንዷ፣ እናቴ ምግብ ሲያንስ «አልራበኝም» ትላለች አለች፤ ሳቁ ቀነሰ። የሄርማታዋ ልጅ ተራ ሲደርስ ሒጃቧን ወደ ግንባሯ ሳበች። ልናልፋት ስንል፣ «ሊሙ ነው» አለች። ማን ነው ሊሙ አልናት። «ወንድሜ» ብላ ተቀመጠች።

ሌሎቹ ሲወጡ ቀርታ ነገረችኝ። ወንድሟ ከአባቷ ጋር በርጩማ ይጠርብ ነበር፤ እጁ ከአባቱ ይሻላል የሚሉም ነበሩ። አንድ ኅዳር ላይ ሊሙ ገነት ለቡና ለቀማ ልሂድ ብሎ አስፈቀደ። አባት መርቀው ሸኙት። እሱ ግን ሊሙ አልደረሰም፤ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ወሬው ቤት ሲደርስ አባት አልጮሁም፣ አልረገሙም። እኔ የሸኘሁት ሊሙ ነው፣ ከሊሙ እስኪመጣ ስሙን አትጥሩብኝ አሉ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስሙን የጠራ የለም። ጎረቤት ሲጠይቅ መልሱ «ሊሙ ነው» ሆነ። ጎረቤትም ያውቃል፣ ያው ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፋል።

ሊሙን አውቀዋለሁ፤ መምህርነት የጀመርኩት እዚያ ነው። በለቀማ ወቅት ክፍሌ ባዶ ይሆን ነበር። ልጆቹ እጃቸው በቡና ገለባ ጠቁሮ ጥር ላይ ይመለሳሉ፤ ቀጣችሁም አልቀጣችሁም ይመለሳሉ። ከሊሙ የማይመለስ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወንድሟ በየጁምዓው ወደ እናቱ ስልክ ይደውላል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባ አለ?» ነው የሚለው። አባት ስልኩ ሲጮህ ጫማቸውን አጥልቀው ይወጣሉ። እናት «መስጊድ ሄዷል» ትለዋለች። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ያንን ስልክ አንድ ቀን እንዲቀበሉ። ቤት ውስጥ ወሬውን ብትጀምር ሳትጨርስ ይወጣሉ። አዳራሽ ውስጥ ግን፣ በሰው ፊት፣ የገዛ ልጃቸው ቆማ ስትናገር ተነስተው መውጣት ነውር ነው። ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል ቲቸር አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔ ለወር ያህል ስላም ምን እንደሆነ ሳስረዳ ከርሜ፣ ምን እንደሚሠራ የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውየው የሚመጡት መንዙማ ልስማ ብለው ነው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ለወዳጅ ሁሉ ልጄ መንዙማ ልታወጣ ነው ብለው፣ ከዚያ የቤታቸውን ቁስል በሰው ፊት ሊሰሙ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ላይ ማድረግ አልወድም። ብነግራቸው ደግሞ ልጅቷን ያስቀሯታል፤ ስልኩም እንደጮኸ ይቀራል። ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ እግሬን እየጎተትኩ ሄርማታ ወረድኩ።

ሥራ ላይ ነበሩ። ከአንድ ግንድ በርጩማ እየፈለፈሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሞልቷል። አካም ጂርቱ ብለን ሰላም ተባባልን። መቀመጫ ሰጡኝ፤ ጉልበቴ አመሰገናቸው። ስላም የፈረንጅ ቃል መሆኑን፣ መንዙማም ነሺዳም እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ከገዛ ኑሯቸው የሚያወጡት ግጥም መሆኑን ነገርኳቸው። መሮውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ልጄስ ምን ልትል ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ለመዋሸትም ግን ደክሞኝ ነበር።

«ስለ ሊሙ ነው» አልኳቸው።

መሮው ቆመ። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ግማሹ የተጠረበ፣ እግር ያልወጣለት በርጩማ ተንጠልጥሏል፤ አቧራ ጠጥቷል። የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሳቸውም ዞረው አላዩትም።

«ሊሙ ቅርብ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ቅርብ ነው» አልኩ።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እህቴ» አሉና መሮውን መልሰው መቱ።

ይነቅዛል እንጂ፣ እርስዎ የእንጨት ሰው ነዎት፣ ከውስጥ የሚጀምረውን ያውቁታል ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ የአባትንም የልጅንም ቤት አፍርሼ የመጣሁ ነበር የመሰለኝ።

ለልጅቷ በማግሥቱ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። «በቃ፣ አይመጣም» ብላ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሰላምታዬን በጭንቅላቷ ብቻ ትመልስ ነበር። አባቷ ግን አልከለከሏትም። ፈቅጃለሁም አላሉም። ስለ ነገሩ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ግንቦት ገባ።

ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ ሰው መንዙማ ሊሰማ የመጣ፣ ግማሹ ስለ ሰላም ንግግር አለ ተብሎ የመጣ ነው። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ተቀምጦ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። ዳኞቹን ከታዳሚው መረጥን፤ ጣት ማስጮህን ለሕዝቡ አስረዳሁ፣ ሳቁብኝ። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስልኬን አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ወጡ፣ ወረዱ። የሄርማታዋ ልጅ ከመድረኩ ጥግ ቆማ በሩን በሩን ታያለች። እኔም በሩን አያለሁ። ሰው ሲደክመው ተስፋ ማድረግም ሥራ ይሆንበታል፤ ቢሆንም አየሁ።

ተራዋ ሊደርስ ሲል ገቡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ወደ ፊት ይምጡ ቢባሉ እምቢ ብለው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እንደ ሥራ ቦታ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው ከአግዳሚው ሥር አስቀመጡ። ልጅቷ አይታቸዋለች፤ መድረኩ ላይ ወጣች። እጇን አላወናጨፈችም። እንደ ሰው ማውራት ጀመረች።

«ሊሙ ቅርብ ነው ይላሉ።
ጠዋት የወጣ ሚኒባስ ከሰዓት ይመለሳል።
ቡናው እንኳን ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ
ከሊሙ ይመጣል።
የኛ ሰው ብቻ ነው ሊሙ ሄዶ የቀረ።

የኛ ሊሙ ሌላ ነው።
የኛ ሊሙ ስንት ድንበር አለው።
የኛ ሊሙ ሱቁን ከውስጥ ቆልፈው የሚያድሩበት ነው፤
ሌባው ከውጭ፣ ናፍቆቱ ከውስጥ።

ጁምዓ ጁምዓ ከሊሙ ስልክ ይደወላል።
እናቴ በሁለት እጇ ትይዘዋለች።
አባ ጫማውን ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ ስትደርስ ዝናቡ ጣሪያውን መታው። ያ የግንቦት ዝናብ ማስጠንቀቂያ የለውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ ግን አይሰማም። አቆመች። አልወረደችም፤ ማይክም የለን፣ እንዲያው እጇን አጣምራ ቆመች። ከስልኬ ላይ ደቂቃው ይሮጣል። ሰው ሁሉ ዞሮ በሩ አጠገብ ያሉትን አዛውንት ያያል፤ ማን እንደሆኑ፣ ሊሙ ማን እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። መውጣት ቢፈልጉ ያን ጊዜ መውጣት ይችሉ ነበር፤ በዝናብ ጫጫታ የወጣ ሰው ነውር የለበትም። ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ሦስቱ ደቂቃ አለፈ። ርዕሰ መምህሩ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ አላየሁትም።

ዝናቡ ሲቀንስ ልጅቷ ካቆመችበት ቀጠለች።

«ሊሙ የሄደው ሰው ስም አለው» አለች።

ስሙን ጠራችው። እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙ የቤታቸው ነው። ከዚያ መነ ገሊ፣ ቤት ግባ ብላ በኦሮምኛ ለመነችው፤ ቀጥላም፣

«ያ ረቢ፣ ከሊሙ በሰላም መልሰው» አለች።

ጣት ያስጮኸ የለም። አዳራሹ በሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «አሚን» አለ። የክርስቲያኖቹ «አሜን» ከመሃል ተቀላቀለ። ያቺ ነጠላ ያጣፋችው እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ቀና ብዬ ወደ በሩ ሳይ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ከአግዳሚው ሥር ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። አጠለቁና ወጡ። ልጅቷም ከመድረኩ ላይ አየቻቸው። ፊቷ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም።

ዳኞቹ ቁጥር አነሱ፤ ጥሩ ቁጥር ነበር። ሕግ ሕግ ነውና ለሰዓቱ ነጥብ ተቀነሰባት። የሥልጠናው ደንብ ውስጥ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። «ሀገሬ ሆይ» ያለው ልጅ አንደኛ ወጣ። አጨበጨብን። ወንበር ሲሰበሰብ እግሬ አብጦ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ነበር እያልኩ፣ ልጅቷን ፈልጌ ምን እንደምላት ሳላውቅ ወደ ግቢው ወጣሁ።

አዛውንቱ አልሄዱም። ከቢሮው በረንዳ ሥር፣ ውሃው ከጣሪያ እየተንጠባጠበ፣ የራሳቸውን ትንሿን ስልክ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ ፊታቸው ቆማለች። ቁጥሩ እሳቸው ስልክ ላይ የለም፤ ኖሮም አያውቅ። እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝና ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉላት።

«ደውዪለት» አሏት።

እሷ ቁጥሩን በቃሏ መታችው። መጥራት ሲጀምር ስልኩን መለሰችላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ከወዲያ በኩል የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የአዛውንቱ ከንፈር ሲሠራ አያለሁ። ኋላ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ሊሙ ሰላም ነው?» አሉ።